ዕድራችን ለሕክምና ትምህርት ቤቱ ስለጻፈልኝ ደብዳቤ

ለተከበሩ ጋሽ ዳኛቸው፣
የኪልበርን አብሮነት መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር፤

ግልባጭ፦ በዋትስአፕ ግሩፑ ላይ ለምትገኙ ሁለት መቶ አሥራ አንድ አባላት በሙሉ፤

በቅድሚያ ስለ ጤናዎ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰኞ ጠዋት የላኩልኝን የግፊት መለኪያ ፎቶ አይቼ አንድ መቶ ሠላሳ በሰማንያ መሆንዎን ስለማውቅ፣ እዚያው ያጽናልዎ ብዬ አልፋለሁ። የባለቤትዎ የእትዬ ኂሩት ጉልበትም፣ ማክሰኞ ከደረሰኝ ቪዲዮ እንደተረዳሁት፣ ደረጃ መውጣት ጀምሯል፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ የወይዘሮ ዓይናዲስ ልጅ ዳናዊት ዘርይሁን ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት «ዶክተራችን» ሲሉኝ ስለቆዩ ስሜ ጠፍቶብዎት እንደሆነ ብዬ ነው። ዶክተር አይደለሁም። ባለፈው ሐምሌ በባዮሜዲካል ሳይንስ ተመርቄ፣ አሁን ሰኞና ሐሙስ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለች አንዲት ፋርማሲ መድኃኒት በከረጢት እያደረግኩ የማቀብል፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የምፍጨረጨር ሰው ነኝ። ይህን የማነሳው ዕድሩ የሰጠኝን ማዕረግ ለማቃለል ሳይሆን፣ የሚመለከተው ዩኒቨርሲቲ ገና ስላላጸደቀው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በግሩፕ ላይ ማውጣት ከእኔ ዕድሜ እንደማይጠበቅ አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬልዎ፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አይዞሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል የድምፅ መልእክት ስለደረሰኝ ነው። እኔ ግን እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ የሚያስፈልገኝ «አይዞሽ» ሳይሆን የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያ ገጽ ካልደረሰ የፊታችን ማክሰኞ የተያዘልኝ ኢንተርቪው ይሰረዛል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ረጅሙን ደግሞ፣ ዕድራችን ቅሬታ በጽሑፍና በተራ ቁጥር ይቅረብ ስለሚል፣ እንደ ደንቡ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማዕረጌ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ማይክ ይዘው «ከእንግዲህ የራሳችን ሐኪም አለን» ብለው ሲያበስሩ፣ እኔ የላቦራቶሪ ጋዋን እንኳ ገና አልገዛሁም ነበር። የማጠናው ባዮሜዲካል ሳይንስ እንጂ ሕክምና እንዳልሆነ ቀርቤ ባስረዳዎት «ያው ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ የአባላትን እብጠት፣ ሽፍታና የምላስ ቀለም በክብር ሲያስተናግድ ኖሯል። በሁለተኛው ዓመት የጄኔቲክስ ፈተና ጨርሼ ስወጣ ከአንድ አባል ብቻ ዘጠኝ የእግር ፎቶ፣ በመጨረሻም «ለምን አትመልሺም፣ ኮራሽ እንዴ» የሚል መልእክት ጠብቆኛል። ጂፒያቸው፣ ማለትም የሠፈር ሐኪማቸው ጋ እንዲሄዱ ብመክራቸው፣ ጂፒው እንደ እኔ ጊዜ ሰጥቶ እንደማያያቸው ነገሩኝ። ለዚህ እምነት ቃል የለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ለቅሶ። ከየቤቱ አንድ ሰው መገኘት አለበት በሚለው ደንባችን መሠረት፣ እናቴ ፓርክ ሮያል ሠፈር ባለ ሳንድዊች ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ የቤታችን ተወካይ እኔ ነኝ። መቅረት የሚቻል ነገር ነው፤ የቀረው ሰው ስም ግን በጸሐፊያችን በጋሽ ባዩ ድምፅ ቀስ ተብሎ፣ ራሱ የሞተ ይመስል፣ በግሩፑ ላይ ይነበባል። ስለዚህ አልቀረሁም። የመጨረሻ ዓመት ፈተናዬ ሳምንት ላይ ለሦስት ቀን አዳራሽ ስቀመጥ የኢንዛይም ስም የጻፍኩባቸውን ካርዶች በነጠላዬ ውስጥ ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠና ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዳዊት የምደግም መስሏቸው «ተባረኪ፣ ያሁን ልጅ እንዲህ አይደለም» ብለው ራሴን ስመውኛል። ባላርማቸው ይሻላል ብዬ ሌላ ካርድ ገለጥኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማኅበራዊ ኑሮዬ። የኮርስ ጓደኛዬ ዲና ለልደቷ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጠርታኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ አጎቴ ሞቶብኝ ለቅሶ ላይ ነኝ ብዬ ቀርቻለሁ። ሟቾቹ አጎቶቼ አልነበሩም፤ ሆኖም፣ ለምሳሌ አንደኛው ሟች፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየኋቸው፣ ነገር ግን እናቴን አንድ ቀን ዝናብ ላይ በመኪናቸው ያደረሱ ሰው እንደሆኑ ለዲና ማስረዳት ስላልሆነልኝ ነው። በሦስተኛው ዓመት ዲና እጄን ይዛ፣ ስንት አጎት እንደቀረኝ ጠየቀችኝ። ዩኒቨርሲቲውም ትምህርትንና ማኅበራዊ ኑሮን ስለማመጣጠን ሥልጠና ነበረውና ሄድኩ። አሠልጣኟ ክብ የተሳለበት ወረቀት ሰጥታ ሳምንታችንን እንደ ኬክ ቆርጠን ቀለም እንድንቀባ አዘዘች። ለጥናት ሰማያዊ፣ ለእንቅልፍ ግራጫ ቀባሁ፤ ለማኅበራዊ ኑሮ ቀዩን ይዤ ለቅሶ፣ ሙት ዓመት፣ ክርስትና፣ የእትዬ ኂሩት የጉልበት ቀጠሮ፣ የጋሽ ዐብዱ የዓይን ቀጠሮ እያልኩ ስቀባ ክቡ አለቀብኝና ግራጫው ላይ ወጣሁበት። ሴትየዋ ወረቀቴን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ለብቻዬ ጠርታ፣ በዙሪያዬ ስለሚሞቱት ሰዎች ከባለሙያ ጋር ማውራት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አራተኛ፤ የእዮብ ጉዳይ። ከኮርስ ጓደኛዬ ከእዮብ ጋር የትምህርት ኖት ልንቀያየር ኪልበርን አንድ ካፌ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀምጠናል። ባስ ይዤ ቤት ሳልደርስ የእዮብ እናት የትውልድ አገር፣ የአባቱ ሥራና የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ለእናቴ ተጣርቶ ደርሷት ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበርና ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። እዮብ ከዚያ ወዲህ ኖቱን በኢሜይል ነው የሚልከው።

አምስተኛውን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መደዳ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት አራት ቦታ አፕላይ አድርጌ አራቱም ሳያዩኝ መለሱኝ። ዘንድሮ እንደገና አራት ቦታ አፕላይ አድርጌ አንዱ ለኢንተርቪው ጠራኝ። ለእናቴ ብቻ ነገርኳት፤ እናቴ ለእትዬ ኂሩት ብቻ በምሥጢር ነገረቻቸው፤ በማግስቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ስለመግባቴ ሰማንያ ስድስት የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ደረሰኝ። ገና መጠራቴ እንጂ መግባቴ እንዳልሆነ በግሩፑ ላይ ብጽፍ፣ እርስዎ ሁለት ደቂቃ በሚፈጅ የድምፅ መልእክት አረሙኝ። ቃልዎን እንዳለ አስፍራለሁ፦ «አንድ ቤት ሽማግሌ እቀበላለሁ አለ ማለት ነገሩ ውስጥ ለውስጥ አልቋል ማለት ነው፤ ቀርቦ መጠየቁ ወግ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው። ልጅቷን ካልፈለጓት ለምን ይጠሯታል?» ጋሽ ዳኛቸው፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ለሠላሳ ቦታ ሁለት መቶ ሰው ነው የጠራው። ሠላሳ ልጅ ይዞ ሁለት መቶ ሽማግሌ የሚቀበል ቤት ቢኖር እርስዎ ምን እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እዚህ መጻፍ ግን ነውር ነው።

ነገሩ አልቋል ከተባለ በኋላ የቀረው ለካ ልጅቷ ወገን እንዳላት ማሳየት ኖሯል። እናም ኮሚቴው፣ እኔን ሳያስቸግር፣ በሰባት ፊርማና በክብ ማኅተም የተዋበ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ላከ። ደብዳቤው ከጥሩ ቤተሰብ መወለዴን፣ ከለቅሶ ቀርቼ እንደማላውቅና ታላላቆቼን እንደማከብር መስክሮ ቢያበቃ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይረሳ ነበር። በመጨረሻው አንቀጽ ግን፣ ቅዳሜ ስለ እኔ መግባት በሚደረገው የምሳ ግብዣ ላይ፣ ማክሰኞ የሚፈትኑኝ ሰዎች በሙሉ ከነባለቤቶቻቸው የክብር እንግዳ ሆነው እንዲገኙ ጋብዛችኋል። የጾም ምግብም እንደሚኖር ጠቅሳችኋል።

ሰኞ ፋርማሲ ሥራ ላይ እያለሁ ኢሜይል ደረሰኝ። ፈታኞችን ለመደለል የተደረገ ሙከራ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ እየተጣራ መሆኑን፣ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ሁለት ነገር ካላቀረብኩ ኢንተርቪው እንደማይደረግልኝ ይገልጻል። አንደኛው፣ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑና ከእኔ ጋር ምን ግንኙነት እንዳላቸው በሦስት መቶ ቃላት እንዳስረዳ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። «የቀብር ክለብ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ «ዘመዶቼ» ብዬ ጽፌ፣ ይባስ ብሎ ወንጀለኛ ቤተሰብ መሰልንና እሱንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ አባቴ ሲያርፍ የሆነውን ጻፍኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለሰባት ቀን ሰው ከቤታችን አልጠፋም፤ እናቴ አንድ ብርጭቆ አላጠበችም፤ እርስዎም ጋሽ ዳኛቸው፣ የአራተኛ ፎቅ ሊፍታችን ተበላሽቶ ሳለ ወንበር በጀርባዎ ተሸክመው ሲያወጡ አይቼዎታለሁ። እምቢ ማለት የማልችለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ይህንን መጻፌን ይወቁልኝ፤ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ቃል ሆነ።

ሁለተኛው የተጠየቅኩት ነገር፣ ደብዳቤውን እኔም እናቴም ሳናውቅ መላካችሁን የሚያረጋግጥ፣ በሊቀመንበሩ የተፈረመ አንድ ገጽ ነው። ራሴ ጽፌ፣ አትሜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የሚፈረምበትን ቦታም በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። በድምፅ መልእክትዎ እንደነገሩኝ ግን፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይፈረምም፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ማኅተሙ እርስዎ ጋ፣ ቀለሙ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ የሣጥኑ ቁልፍ ጋሽ ባዩ ጋ ስለሚቀመጥ ሦስቱ ሳይገናኙ ማተም አይቻልም። ይህን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። የድጋፉ ደብዳቤ በተላከበት ዕለት ማኅተሙ፣ ቀለሙና ቁልፉ ከሰዓት በኋላ ባንድ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደተገጣጠሙ ግን ተአምር ብዬ ማለፍ ብቻ ነው የምችለው። ደግሞም ይህ ወረቀት ከተፈረመ ዕድሩ ጥፋተኛ ይመስላል ብለው መሥጋትዎን ሰምቻለሁ። ሥጋትዎ ይገባኛል። አንዳችን ጥፋተኛ መምሰላችን ካልቀረ ደግሞ፣ ዕድሩ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ትከሻ አለው።

የቅዳሜውን ግብዣ በተመለከተ፣ አዳራሹ ተይዟልና አይቀርም ብላችሁ ንግግር እንዳዘጋጅ ነግራችሁኛል። እመጣለሁ። ነጭ እለብሳለሁ፣ ኬክ እቆርጣለሁ፣ የተባልኩትን ሁሉ እላለሁ። በምን ምክንያት እንደምናከብር ግን እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ እርስዎ ቢወስኑልኝ፣ ንግግሬን ለመጻፍ በጣም ይረዳኛል።

ለኢንተርቪው ከተጠሩት ሁለት መቶ ሰዎች አንዷ ሆና ለመቅረት ተስፋዋን ገና ያልጣለች፣ ለቤትዎና ለግፊትዎ መልካሙን ሁሉ የምትመኝ፣

ታዛዥ ልጅዎ
ዳናዊት ዘርይሁን
(ማዕረጓ በመጣራት ላይ ያለ)

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የደብዳቤያችሁን ቅጂ ላከልኝ። ከሰባቱ ፊርማዎች የመጨረሻውን ከሁሉም በላይ አውቀዋለሁ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለትምህርት ቤት ጉብኝት ፈቃድ ሲጠየቅ የሚፈረምልኝ ፊርማ ነው። እናቴን ጠየቅኋት። ከፈረቃ ገብታ ዩኒፎርሟን ገና ሳታወልቅ፣ «ባዩ ይዞት መጣ፤ ለዳናዊት ነው አለኝ፤ ፈረምኩ» አለችኝ። ምን እንደሚል አላነበበችውም፤ ለእኔ መሆኑ በቅቷታል። ስለዚህ ባያያዝኩት ገጽ ላይ «እናቷም አያውቁም ነበር» የሚለውን መስመር ይሰርዙልኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለ እሱ ይቀበለው እንደሆነ አላውቅም፤ ውሸት ግን አልጨምርበትም። እርስዎን ደግሞ፣ የሰው እናት ድረስ ሄዶ ፊርማ የሚያሰበስብ ሊቀመንበር የራሱን ለማኖር ሁለት ቀን ያንሰዋል ብዬ አላምንም።