ስለ ተቆለፈው መጸዳጃ ቤትና ስለ ባለቤቴ እጅ

ለተከበሩ የምግብ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ እያልኩ ራሴን ላስተዋውቅ፤ እኔ በወንዙ ዳር ባለው የአትክልት እርሻ ሰላጣ ስታጥብ የኖረችው፣ አሁን ግን በእርስዎ ውሳኔ እቤት የዋለችው ሴት ባል ነኝ። በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የእርስዎን ጊዜ ማባከን እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ውሳኔዎን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለለጠፉት፣ እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ባቀርብ ቅር አይሰኙም ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ከዚሁ እርሻ የመጣ ሰላጣ በምሳ ሰዓት የበሉ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተቅማጥና በትውከት ታመው ነበር። ልጆቹ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁሉም ድነው ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ጽሕፈት ቤትዎም ጉዳዩን አጣርቶ ጥፋቱ «የአንዲት አጣቢ የእጅ ንጽሕና ጉድለት» ነው ሲል ወሰነ። በእርሻው ያለችው አጣቢ ባለቤቴ ብቻ ስለሆነች፣ ስሟን ሳይጠቅሱ በማለፍ ያሳዩት ጨዋነት ልቤን ነክቶታል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. በቅድሚያ፣ በእርስዎ ጥብቅ ትእዛዝ ለሠራተኞቹ ስለተሠራላቸው መጸዳጃ ቤት አመሰግናለሁ። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ሳሙናውም እስከዛሬ ከነመጠቅለያው ተቀምጧል። ሳሙናው መጠቅለያው ያልተቀደደው በሩ ሁልጊዜ ስለሚቆለፍ ነው፤ ቁልፉም ሠራተኞቹን ከሚያዘው ካቦ ወገብ አይወርድም። ባለቤቴ አንድ ቀን ጨንቋት እንዲከፍትላት ብትለምነው፣ «ይሄ የተቆጣጣሪዎች ነው፤ እናንተ ካቆሸሻችሁት ሲመጡ ምን ላሳያቸው ነው?» አላት። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ወንዙ ዳር ወዳለው ሸንበቆ ይወርዳል። ከሸንበቆው ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ለማጠቢያው ገንዳ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ተተክሏል። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ማብራራት ነውር ስለሆነብኝ ቀሪውን ለተማረው አእምሮዎ ትቼዋለሁ።

፪. ለቁጥጥር ከመምጣትዎ በፊት ሁልጊዜ ስልክ ስለሚደውሉም አመሰግናለሁ፤ ሰው ቤት ሳይነግሩ ዘው ማለት ደስ እንደማይል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ደውለው ስለሚመጡ በዚያን ዕለት መጸዳጃ ቤቱ ይከፈታል፣ ፓምፑ በጆንያ ይሸፈናል፣ ገንዳው በቦቴ በመጣ ንጹሕ ውሃ ይሞላል፣ ከወንዙ ራስጌ የሚጠጡት የባለ እርሻው ላሞች እንኳ እርስዎን ላለማስቀየም ወደ ሌላ መስክ ይነዳሉ። ሠራተኛውም ነጭ ጋዋን ለብሶ ይሰለፋል። የባለቤቴ ጋዋን ትከሻው ላይ ሰፍቷት ስለነበር ቤት አምጥታልኝ ላስተካክልላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መኪናዎ ከግቢው እንደወጣ ጋዋኑ ከላይዋ ተገፎ ሳጥን ውስጥ ስለሚቆለፍ አልሆነልኝም።

፫. ሰላጣው ሊለቀም ቀናት ሲቀሩት ስለሚበተንበት ትኩስ ፍግ ምንም አልልም። ሽታው ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ እርስዎ በሄዱበት ቀን ሁሉ ግን ጉንፋን ይዞዎት ነበር መሰለኝ።

፬. በመጨረሻ፣ ባለቤቴን እቤት ስላዋሉልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። የደጃፍ ጎረቤታችን ልጆቿን ከበራችን ላይ ጠርታ ስትወስድ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። የባለቤቴ የገዛ እህት ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ገና ሳትቀመጥ በልታ እንደመጣች መናገር ጀምራለች። ባለቤቴ እጇን በበረኪና ከመፈተጓ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቆ መርፌ እንኳ መያዝ አቅቷታል። ባለፈው ምሳ አቀረበችልኝና፣ ሳህኑን ከእጇ ሳትለቀው «አንተስ ከእጄ ትበላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩ ይበርዳል ብዬ ሆዴን በሆዴ ይዤ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንጀቴ አሯል፤ ክቡርነትዎን በጣም ተቀይሜያለሁ፣ ይህንንም ለትህትና ብዬ የምደብቀው አይደለም።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፣ ወደ ሥራዋ ይመልሷትም አላልኩም፤ ወደዚያ ገንዳ እንድትመለስ አልፈልግም። በዚያው በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ልክ ያኔ በጻፉት ትልቅ ፊደል፣ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልነበረ ይለጠፍልኝ። ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የሚመጡት ወላጆች የመጀመሪያውን አንድ በአንድ አንብበውታልና ሁለተኛውንም ማንበብ አያቅታቸውም። ጥርጣሬ ካለዎት ደግሞ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ አንድ ቀን ብቻ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ እንዳለ ትተው ወደ እርሻው ብቅ ይበሉ።

ይህንን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ስላነበቡ፣ ካላነበቡም ለሚያነብልዎት ሰው ስለሰጡ፣ ውለታዎ አለብኝ።

ከልክ በላይ አክባሪዎ፣
በደግነትዎ እንቅልፍ ያጣሁት
የአጣቢዋ ባል

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ቁጥጥሩን ጨርሰው ሲመለሱ መኪናዎ ላይ የሚጫንልዎት ሰላጣ ከወንዙ ዳር የተለቀመ አይደለም፤ ባለ እርሻው ለራሱ ቤትና ለእርስዎ የሚሆነውን ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ያስለቅማል፣ የሚያሳጥበውም በቧንቧ ውሃ ነው። ሌላ አጣቢ ስለሌለው ግን ያንንም ስታጥብልዎት የኖረችው ባለቤቴ ናት፣ በእነዚሁ እጆቿ፣ ያለ ጓንት። እንግዲህ ጥፋቱ ውሳኔዎ እንደሚለው የእጇ ከሆነ፣ ከቤተሰብዎ ማን ማን እንደታመመ ያሳውቁኝና እርሷን ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ እመጣለሁ።