በኮፒ ፍሬን ወደ ጎረቤላ

ኅዳር 4
ውርጭ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ አደርኩ... ደብረ ብርሃን መኖር ጥቅሙ ይኼ ነው። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ቤቱ ሰፍቷል።
እህቴ ይመኙሻል ከጎረቤላ ደወለች። "እሺ፣ መጥቼ አብሬህ እኖራለሁ። ጉልበቴ ግን ሚኒባስ አይችልም። በአባባ ፒካፕ ና ውሰደኝ።"
የአባባ ፒካፕ የ1963 ናት። ፍሬኗ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ወደ ጎረቤላ የሚወርደው ቁልቁለት ግን አለ።

ኅዳር 9
የፍሬኑ ዕቃ ከአዲስ አበባ መጣ። ኮፒ። ኦርጅናሉን የሚሠራ የለም አሉ። ካርቶኑ ላይ "ልክ እንደ ድሮው" ይላል። እኔም ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ እንደዚያው ነው የምለው።

ኅዳር 13
የፍሬኑን ሸራም፣ ዘይት የሚይዘውን ጎሚኒም ራሴ ገጠምኩ። የቀረው ከዘይት ቧንቧው አየሩን ማውጣት። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ይፈታል። መጽሐፉ "ረዳትዎን ይጥሩ" ይላል። የቱን?
ጎረቤቴን መሪጌታ ሠረቀብርሃንን ጠራሁ። የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ ሰጥቼ ፔዳሉ ጋ አስቀመጥኳቸው፤ እኔ ከሥር ተኛሁ።
"ልልቀቅ?"
"ኧረ ገና ነው መሪጌታ!"
"ምልክት ስጠኛ! እኔ የለመድኩት በዜማ ነው።"
ሳቅን። ሲሄዱ ቤቱ እንደገና ሰፋ።

ኅዳር 16
ሙከራ። ቁልቁለቱ ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ ጋ፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግዬ ከአፈር ቁልል ጋር አቆምኳት።
ኮፒውን ረገምኩት። ለይመኙሻል ደውዬ "ትንሽ ይቆይ" አልኳት።
"ካልፈለግኸኝ ንገረኝ" ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 17
ፈታሁት። ሸራው ደህና። ጎሚኒው ደህና። ከዘይቱ ጋር ግን ውሃ ወጣ። ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከየት ገባ?
መሪጌታ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ዐይናቸው የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ነው።
"ትንሽ ናት እኮ ኃይለ ገብርኤል... የኅዳር ሚካኤል ጸበል ናት። ኮፒ ነው ስትለኝ ፈራሁልህ።"
የሚፈራልኝ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 20
ዘይቱን በሙሉ ቀየርኩ። ውሃ የነካውን ጎሚኒም፣ በሌላ ኮፒ። መሪጌታ ረገጡ። ጠርሙሱን እኔ ያዝኩ።

ኅዳር 23
ሳልደውል ሄድኩ። ኮፒው እስከ ታች ያዘ።
"ቀርተሃል ብዬ ነበር" አለች ይመኙሻል፣ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ።
"ፍሬኑ ውስጥ ጸበል ገብቶ ነው።"
"ውሸት እንኳ አታውቅበትም።"
ሻንጣዋ ግን ታስሮ ከኋላዋ ተቀምጧል።

ኅዳር 24
ጠዋት ከጓዳ "አንተ! ጨው የት ነው?" የሚል ድምፅ።
ሰማሁ። ደግማ እንድትጠራኝ ዝም አልኩ።