የፒካፑን ናፍጣ ማን እንደሚጠጣው

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ ለኢዮፑ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሎሳ እንዴት ናት? ሥራዋስ ቀለላት? ልጆቹ አድገው ይሆን፣ ትምህርቱንስ እየያዙት ነው? ዘንድሮ የኦክላንድ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቼ ሆዴ ባባ፤ እባክህ ወፍራም ካልሲህን አትርሳ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ኩላሊቷን ለማሳጠብ በሳምንት ሦስት ቀን አፒያ ትመላለሳለች። ሆስፒታል ውስጥ አጠገቧ የምትተኛ አንዲት ሴትዮ ወዳጅ ሆናላት ሐሜቱ ደርቷል፤ ከዚህ በላይ ጤና ምን አለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስለላክልን ፒካፕ ከሁለት ሳምንት በፊት በስልክ ያልከው እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። «እኔ ጋ ሳለ በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና እናንተ ጋ እንዴት ስድስት ይሄዳል? ናፍጣውን የሚቀዳ ሰው አለ፤ ቁልፉን ለማሴ ስጡት» አልክ። ማሴ የአጎታችን ልጅ ነው፣ አልጠላውም። የሌባውንም ስም አልጠራህም። ግን መኪናውን የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባሌ ሴፋኒያ። አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

ኢዮፑ፣ በሚስቱ ዘመዶች ግቢ የሚኖር ወንድ ድምፁን እንደማያነሳ አንተም ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎደሬያችንን ሲተክል፣ ለእሁዱ ምሳ ማብሰያ ድንጋዩን ሲያግል፣ አንድ ቀን «የእኔ» ሲል አልሰማሁትም። ከዚያ ስልክ ወዲህ ግን ከሥራ ሲመለስ ቁልፉን ወስዶ አጎታችን ቱአላ እጅ ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ደግሞ እንደ ቅጥር ሰው ደጅ ቆሞ ይጠይቃል። ይኼ ነው እኔን የገደለኝ። እኔም ቆረጥኩ። ሌባ ካለ ባሌም ቢሆን አወጣዋለሁ፤ ከሌለ ደግሞ ቃልህን መልሰህ ትውጣታለህ አልኩ።

መጀመሪያ ጋራዥ ወዳለው ወደ ፌሬቲ ወሰድነው። ከሥሩ ገብቶ ታንከሩን አየ፣ ጎማውን ለካ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። የሚያፈስ ነገር አላገኘም። «እህቴ፣ ሌባ ከመፈለግሽ በፊት ከመኪናው ጋር አንድ ቀን ዋይ» አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ታንከሩን እስከ አንገቱ አስሞልተን እናታችንን ይዘን ወጣን። እኔ ጉልበቴ ላይ ቅርጫት አስቀምጬ መኪናው በቆመ ቁጥር አንድ ጠጠር እጥላለሁ። ወይ ጉድ! ከደጃችን ሳንርቅ አክስታችን እጇን አነሳች፤ ቆምን። ቀጥሎ አስተማሪው ከነጆንያው፤ ቆምን። ቀጥሎ ሁለት አሮጊቶች፤ እነሱም ሰላምታቸውን እስኪጨርሱ ሞተሩ ይንተከተካል። መንደር በደረስን ቁጥር የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ፤ ከተማው መግቢያ ቫይቴሌ ስንደርስ ደግሞ የመኪናው ሰልፍ እንደ ኤሊ፣ ሁለት ክንድ ሄዶ መቆም፣ ሁለት ክንድ ሄዶ መቆም። ስንመለስ የባሰ ነው። አንዱን ባለማዕረግ የቤተሰብ ራስ በሌላው ደጅ ማውረድ ስድብ ነውና እያንዳንዱን በየደጁ! እነዚያ ቤቶች እኮ በድንጋይ ውርወራ የሚደራረሱ ናቸው። እናታችን ቅርጫቱን አይታ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጠጠር ማንን ልትወግሪበት ነው?» አለችኝ። «ልጅሽን ኢዮፑን» አልኳት። እስክታስላት ሳቀች።

ደርሶ መልስ ዘጠና አንድ ጠጠር ሆነ። መንገዱ ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ተመልሰን ታንከሩን እንደገና ስናስሞላ ዘጠኝ ሊትር ጠጥቷል። ስድስት በሊትር ማለት ነው፤ ልክ አንተ እንዳልከው።

ፌሬቲ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ናፍጣ የሚበላው ይኼን የሚያህል ብረት ከቆመበት ማስነሳቱ ነው። አንዴ ከተንደረደረ ትንሽ ይበቃዋል። ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ያን ሁሉ ጉልበት ትደፉትና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ እየጠጣ አንድ ክንድ አይራመድም።» እኔ ደግሞ በራሴ መንገድ ገባኝ። ከእርሻ ጎደሬ ተሸክመን ስንወርድ በየአሥር እርምጃው እያወረድን ብናነሳው፣ መንገዱ ያው፣ ሸክሙ ያው፣ ላቡ ግን እጥፍ ነው። አንተ እኮ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራህ ስትሄድ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ ነበር የምትነዳው!

ይኼም ወሬ ነው እንዳትለኝ ቅዳሜ ንጋት ላይ ፈተንነው። ፌሬቲ ክብደቱ እንዳይቀል ስላለ በሰዎቹ ምትክ የጎደሬ ጆንያ ጫንን፤ ያው መንገድ፣ ያው ማደያ። ለማንም ላንቆም ተማማልን። ታዲያ ገና ከመንደር ሳንወጣ ማን ብትቆም ጥሩ ነው? የመጋቢው ባለቤት፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ እጇን ዘርግታ! የሴፋኒያ እግር ወደ ፍሬኑ ሄደ። «ብትቆም ወዮልህ!» አልኩት። «ሴትዮ፣ ገሃነም ስንገባ ይኼ የተረፈው ናፍጣ መቃጠያችን ነው» እያለ አለፋት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ስንመለስ እንደ ወጋችን ጥሩ ምንጣፍ ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ብንሄድ «እኔ እኮ ፍሬን እምቢ ብሏችሁ መስሎኝ ተንበርክኬ ስጸልይላችሁ ነበር» አለችን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግን ስማ፤ ጠጠሩ አሥራ አንድ ብቻ፣ ናፍጣው ስድስት ሊትር። ዘጠኝ በሊትር! መኪናው ያው፣ ነጂውም ያው ሴፋኒያ። ሌባው መቆምና መነሳት ነው ወንድሜ፤ የጋበዝነውም እኛው ነን።

እሁድ ከምሳ በኋላ ቅርጫቱን ቤተሰቡ መሐል ደፋሁት። የሁለቱንም ቀን ቁጥር ነገርኳቸው። አጎታችን ቱአላ «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ይሳፈራል፤ እዚያው ይወርዳል» አለ። አንዷ አክስታችን «ባለማዕረግ በእግሩ ሊሄድ?» ብላ ብትነሳ «እኔ እሄዳለሁ፤ ከእኔ የሚበልጥ ካለ በየደጁ ይውረድ» አላት። ዛሬ ጠዋት በዚያ በሚያነክስ እግሩ ከሁሉ ቀድሞ ጥጉ ላይ ቆሞ አገኘነው። የቫይቴሌን ሰልፍ ለማምለጥም አንድ ሰዓት ቀድመን ወጣን፤ እናታችን ብታጉረመርምም ሰባት ተኩል በሊትር ገብተናል።

ቁልፉን በተመለከተ አጎታችን «ያንተ ነው፣ ያዘው» ቢለው ሴፋኒያ አልተቀበለም። «መኪናውን የላከው ኢዮፑ ነው፤ ቃሉ ከእሱ ይምጣ» አለ። ስለዚህ እኔ እህትህ ነኝና፣ በአገራችን ወግ ወንድም በእህቱ ቃል ላይ ቃል እንደማይጨምር ታውቃለህና፣ ስማኝ፤ ቁልፉ ለማሴ አይሰጥም። አለቀ። መልስህንም ለእኔ አትጻፍ፤ ፖስታው ላይ የእሱን ስም ጻፍ። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደጅ ሲቆም አብሬው እቆማለሁ።

የሎሳን ጉንጭ ሳምልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፍልኝ። እናታችን በእንባም በሳቅም ትስምሃለች። አጎታችን ቱአላ ሰላም ብሎሃል፤ ማሴም ሰላም ይልሃል፣ ነገሩን ሰምቶ አፍሯል። ሴፋኒያ ሰላም ብሎሃል ብዬ ግን አልዋሽህም። ስጽፍ አይቶኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኢዮፑን ያ የወገቡ ሕመም ለቀቀው?» እሱን ለራሱ መልስለት።

እህትህ ሌይቱ
ፋሌአሲኡ፣ ኡፖሉ፣ ሳሞአ
ኦገስት 19 ቀን 2019