የድንጋዩ ምልልስና የእኔ ቆጠራ

ይድረስ ለውዴ ለገብሬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ከዚህ ይሻላል ብለው ካህናቱ ነግረውኛል፣ እኔም አምኛለሁ። ሰው ፊት «መሪጌታ» እያልኩ አንቱ እልህ ነበር፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ገብሬ። ይህን የምጽፍልህ በሩን ዘግቼ ነው።

ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው አጥር በበልጉ ዝናብ ወድቆ ወንድሜ መጥቶ አቆመልኝ። በቅሎዋን እሱ ወስዷታል፤ እኔ ለማን ብዬ ላቆያት? ጣልያን መንገዱን ከደሴ ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ አስፍቶታል፣ ከሰፈራችን ከሆጤ ሆኜ የጭነት መኪናው የካሚዮኑ ጩኸት ይሰማኛል። እኛ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተን እግራችን እስኪዝል የምንወርደውን መንገድ ካሚዮን ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ ያደርሳል። አንተ ብትኖር ካሚዮኑ ቁልቁለቱን ለምን ያለ ድካም እንደሚወርድ ስታስረዳኝ ትውል ነበር።

ደብተርህ አንድ ገጽ ሳይጎድል አለ። የመጀመሪያውን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረበት። «ፍጥረት ሁሉ ወደ ዕረፍቱ የሚሄደው ድካሙ በሚያንስበት መንገድ ነው።» ይህን የጻፍክ ቀን ፊትህ እንደ ሙሽራ ፊት አብርቶ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራውን፣ ስታስተምር ኖረሃል፤ ከወንበሩ አበቅቴውን፣ ከአበቅቴው መጥቅዑን እያወጣህ የዓመቱን ጾምና በዓል ሁሉ ከአንድ ቁጥር ትመዝ ነበር። ዓመቱ እንዲህ ከአንድ ሥር ከወጣ የውኃው መውረድ፣ የጢሱ መውጣት፣ የጋለው ብረት መቀዝቀዝ፣ ውኃ ውስጥ የገባው ዱላ ተሰብሮ መታየቱ ለምን ከአንድ ሥር አይወጣም አልክ። እኔም ያበድክ መስሎኝ ሳቅሁ።

ላበሽቅህ ብዬ፣ ታዲያ ባቄላዬ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ቶሎ እየበሰለ ደሴ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያንገላታኝ ለምንድን ነው አልኩህ። እኔ የእንጨቱ ነገር መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ሳምንት ሙሉ እህል በቅጡ ሳትቀምስ አስበህ መጣህ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ በላዩ ያለው አየር ብዙ ነው፣ ድስቱን ይጫነዋል፣ ውኃው በቀላሉ ስለማያመልጥ የበለጠ ይግላል አልከኝ። ያንኑም ከዚያችው ከአንዷ ዓረፍተ ነገር አወጣኸው። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ከዚያ የድንጋዩ ነገር መጣ። ዓረፍተ ነገርህን ልትፈትንበት ገመድ ጓሯችን ካለው ወይራ ላይ አስረህ ድንጋይ አንጠለጠልክበት። አንተ ድንጋዩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ትቆጥራለህ፣ እኔ በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ አርባ አንድ እግዚኦታ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን፣ አደርሳለሁ። እኔ ስጨርስ አንተም ታቆማለህ። ሰዓት የለንም፤ ሰዓታችን የእኔ አፍ ነበር። ያንኑ ድንጋይና ያንኑ ገመድ ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን፣ ወዳጅህ ጋሽ ሰይድ ደጅ ካለው ዋርካ ላይ አሰርከው። ጋሽ ሰይድ፣ «ወላሂ መሪጌታ፣ ድንጋይ አገራችን ጠፍቶ ነው ከደሴ ተሸክመው የወረዱ?» ብለው እንዳሳቁን ታስታውሳለህ። ድንጋዩ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ አያውቅም፣ ወደ ዕረፍቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነውና እኩል ይመላለሳል ብለህ ነበር የወረድከው።

እኩል አልመጣም። ደሴ ሠላሳ ስምንት፣ ኮምቦልቻ አርባ ሰባት። ሌላ ቀን ወርደን ደገምነው፣ ያው ሆነ። ለባቄላው ምክንያት ነበረው፤ ለድንጋዩ ግን ምክንያት አጣህለት። ያን ጊዜ ነው ደብተርህ መበላሸት የጀመረው። የደጋ ሕግ፣ የቆላ ሕግ፣ የሙቀት ሕግ እያልክ ገጽ በገጽ ላይ ጨመርክ። አንዷ ዓረፍተ ነገር አሥር ሆነች። አንተም እህል እያስጠላህ መጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያም እዚህም እግዚኦታውን እኩል ነው የምትዪው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም ጸሎቴን ትጠራጠራለህ ወይ ብዬ ተቆጣሁ፣ እስከ ማታ አኮረፍኩህ። ከዚያ ወዲህ ደግመህ አልጠየቅኸኝም። ይልቅስ ራስህን ጠርጥረህ፣ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብለህ ለሦስተኛ ጊዜ እንውረድ አልከኝ። መስከረም ነበር። ጋሽ ሰይድ የወባው ንዳድ በዝቷልና ዘንድሮ ይቅርብዎ ብለው ልከውልህ ነበር። አልሰማህም። እዚያው ንዳዱ ያዘህ። ጋሽ ሰይድ ራስጌህ ተቀምጠው «አብሽሩ፣ አይዞዎ» እያሉህ ሰነበቱ፤ ደሴ አድርሰንህ በአሥረኛው ቀን አረፍክ። ከማረፍህ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አስወጥተህ ከሥሩ «አልሆነም» ብለህ ጻፍክበት።

አሁን የምነግርህን ልትቀየመኝ ትችላለህ። ካረፍክ በአርባኛው ቀን ተዝካርህን ስናወጣ ተማሪህ የነበሩት ቄስ ወልዴ ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ አርባ አንድ እግዚኦታ በሉ አሉን። ብርድ ነበር፣ እኔም እንደ ልማዴ አልኩት። ጨርሼ ቀና ስል አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ገና ሠላሳዎቹን በጣቷ እየቆጠረች ነበር። ሰው ለነፍስህ ሲያለቅስ እኔ ጣቴን እያየሁ ቀረሁ። ደሴ ጓሯችን በጠዋቱ ውርጭ ስንቀጠቀጥ፣ ልቤ እሳት ዳር ሆኖ፣ ቃሉን እየቆራረጥኩ ነበር የማደርሰው። ኮምቦልቻ ግን ዋርካው ጥላ ሥር፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ሙቀቱ እያዘናጋኝ አንዷን አንዷን አጣጥሜ እል ነበር። ድንጋዩ አልፈጠነም፣ ገብሬ። እኔ ነበርኩ የዘገየሁት።

ለማንም ሳልናገር፣ በአፌ ፈንታ ሰዓት እንዲሆነኝ፣ ቅል በመርፌ በሳሁ። ውኃ ሞልቼበት ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ የድንጋዩን ምልልስ ቆጠርኩ። ወይራው ሥር ሦስት ቀን ደጋገምኩት። ከዚያ ድንጋዩን፣ ገመዱንና ቅሉን ይዤ በካሚዮን ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ ሲያዩኝ እንባቸው መጣ፤ ገመዱን ራሳቸው አሰሩልኝ። ቆጠርኩ። ከደሴው ጋር እኩል ነው። ደገምኩት፣ በአንድ ምልልስ እንኳ አይበላለጥም። ዋርካው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትክክል ስለነበርክ ደስ አለኝ፣ ሳታውቀው ስለሄድክ ደግሞ አንጀቴ አረረ።

ዓረፍተ ነገርህ ለብርሃኑም ለእሳቱም ይሠራ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ያንን የሚያውቅ ገና አልተወለደ ይሆናል። እኔ የማውቀው ድንጋዩ አለመዋሸቱን ነው።

ቄስ ወልዴ ደብተርህን በብራና ሊገለብጡልህ ጀምረዋል። የመጀመሪያውን ገጽ፣ መምህሬ ራሳቸው ሰርዘውታል ብለው ሊተዉት ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደንግጠው፣ እንግዲያው ገጹ ይመለስ፣ የእርስዎ ነገር ግን በንስሐ ያልቃል፣ መጽሐፍ ላይ ምን ያደርጋል አሉኝ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ነገ የሚያነበው ሰው «አልሆነም» የሚለውን ካየ አንተን ነው የሚጠረጥረው፤ እኔን አምነህ እንደተሳሳትክ ከየት ያውቃል? ትናንት በገዛ እጄ፣ ከቃልህ ሥር፣ ቆጠራውን ያሳሳትኩት እኔ ሚስቱ የሺ ነኝ፣ በጠየቀኝም ጊዜ ያስቆጣኝ ኩራቴ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ይጽና ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ አያምርም፣ ታውቀዋለህ። ቄስ ወልዴም እንዳለ ሊገለብጡት ቃል ገብተውልኛል።

ይቅርታህን የምለምነው መልስ እንደማይመጣልኝ እያወቅሁ ነው። በሕይወት እስካለሁ እኔ አስታውስሃለሁ። ከእኔ በኋላ ያ ገጽ ያስታውስሃል፤ ያንተን እውነት ያነበበ ሁሉ የእኔን ጥፋት ሳያነብ አያልፍም፣ እኔም ከአንተ ጎን እንዲያ ሆኜ መቅረት ይበቃኛል።

ሚስትህ የሺ