ከመርፌ የሸሸ ልብስ ሰፊ

ውድ ልዑልቃል፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን እንዴት እንደከረምክ አውቃለሁ። እንፍራንዝ አጠገብ ጠበል ቦታ ተቀምጠህ፣ ግራ ዓይንህ እየጨለመ፣ «ሸጋ ነኝ» እያልክ ነው። ጎረቤታችን ወንድምአገኝ ሚኒባሱን ይዞ ወደዚያ ስለሚመጣ ይህን በእሱ ልኬልሃለሁ።

ሰውዬ፣ አሰለቸኸኝ! ስንት ዓመት የኤችአይቪ መድኃኒታችንን አብረን ስንውጥ አንድ ቀን አላስቸገርከኝም። ሐኪሟ «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም» ያለችህ ቀን ግን ሌላው በሽታ ሁሉ የማረህ መሰለህ። ቂጥኝ ተገኘብህ ስትባል «ደሜ ንጹሕ ነው ብላችሁ አልነበረም እንዴ?» ብለህ ተቆጣህ። እሷ ያለችው ስለ ኤችአይቪው ነው እንጂ ንጹሕ ያለህ የለም።

ለደንበኛህ ለጌትነት የሠርግ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍተህ በምቀኛ አሳበብክ። ከአዘዞ ስትመለስ ሰፈርህ ሲጠፋህም ምቀኛ። ቂጥኙ ወደ አንጎልህና ወደ ዓይንህ ሳይወጣ አልቀረም፣ ከወገብህ በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶ ይታይ ሲሉህ ሐኪሞቹ፣ «ከወገቡ የተቀዳ ሰው መች ቆሞ ሄዶ ያውቃል?» ብለህ ውልቅ አልክ። ዕድሜህን ሙሉ በመርፌ የኖርክ ሰው ከመርፌ ትሸሻለህ? ደግሞስ ከጎንደር እንፍራንዝ መሄድ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ በሽታው አብሮህ ሄዷል።

እኔ የራሴን የቂጥኝ መርፌ ተወግቻለሁ። አመመኝ እንጂ አልሞትኩም። ማን ለማን አመጣው የሚለውን ከዳንክ በኋላ እንጣላበታለን፤ የምለው ሞልቶኛል።

የንስሐ አባታችንን ቄስ ተክለ ጊዮርጊስንም ጠየቅኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ጠበል ሂድ አልኩት እንጂ ሐኪም ተው መች አልኩት?» አሉኝ። ሐኪሟ ደግሞ ሁለት ሳምንት ተኝተህ ፔኒሲሊን በደም ሥርህ ብትወስድ በሽታው ይቆማል ትላለች። የጠፋው የዓይን ብርሃን ግን ላይመለስ ይችላል፤ በዘገየህ ቁጥር ይብሳል። ፈራሁ፣ ልዑልቃል። አብረን አርጅተን ፊቴን ሳታየው እንዳትቀር ፈራሁ።

ፊደሉን ያተለቅሁት ለዚህ ነው። ራስህ አንብበህ እዚህ ከደረስክ ገና ጊዜ አለን፤ ና። አቅቶህ ወንድምአገኝ ካነበበልህ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅነውን ሰምቷል፤ ከእንግዲህ ከማን ትደበቃለህ? ሞተሩን እንዳያጠፋ ነግሬዋለሁ። ግባ።

እስክትመጣ የተቆጣችው ሚስትህ፣
ይመኙሽ