ቆጣሪው በስምህ ነው

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሃል? ያ የጀመረህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ “ደህና ነኝ” እያልክ ነው? እኛ አለን። “ደህና ነን” ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ፤ ስለዚህ “አለን” ብቻ ልበልህ።

የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ስላልቻልኩ ነው። እማዬ ስልኩ ሲጮኽ ከትራሷ ቀና ብላ ጆሮዋን ትጥላለች፤ እሷ እየሰማች የማይባል ነገር ነው ያለኝ።

የመብራት ዋጋ በሰዓትና በወቅት መሆኑን ነግሬህ ነበር። ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት አንስቶ ሰው እራቱን በልቶ እስኪተኛ ድረስ ያለው “ውድ ሰዓት” ይባላል። በጋ ሲገባ ደግሞ ግድቡ ውሃ ጎደለው ተብሎ ይብስበታል። ሰፈሩ በሙሉ ሰዓት አክባሪ ሆነልህ። እኔም የስፌት ቤቴን ልብስ ጎህ ሲቀድ መተኮስ ለምጃለሁ። ባሌ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ “ለማዛጋትስ ቅናሹ ስንት ሰዓት ነው?” እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ የሚያልቀው እማዬ ክፍል በር ላይ ነው። የኦክስጅን ማሽኗ ቀንም ሌትም መሥራት አለበት፤ ሐኪሙ “ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዳይጠፋ፣ ልቧ አይችለውም” ብሎናል።

ታሪፉን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ደንቡን ላሻሽል ነውና አስተያየት ስጡ ብሎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበን። ሰብሳቢው ክራቫቱን እያስተካከለ “ፍጆታችሁን ወደ ቅናሹ ሰዓት አዛውሩ” ሲል አላስቻለኝም፤ ተነስቼ “እናቴ ትንፋሿን ወደ ስንት ሰዓት ታዛውር?” አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። እኔ እንኳ አልቀለድኩም ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጠርቶኝ ቤቱ የሕክምና ማሽን ያለው ሰው በየትኛውም ሰዓትና ወቅት በአንድ ርካሽ ዋጋ እንዲከፍል ደንቡ እንደሚፈቅድ ነገረኝ። የሚጠየቀው የሐኪም ማስረጃ ነው፤ ቆጣሪውም እዚያው ቤት በሚኖር ሰው ስም መሆን አለበት።

ቆጣሪው ደግሞ በስምህ ነው። በመጀመሪያ ደሞዝህ መብራት ያስገባህልን ጊዜ እማዬ ደጅ ወጥታ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስትናገር እንደዋለች ታስታውሳለህ። ማንበብ ባትችልም የሂሳቡ ወረቀት ሲመጣ ስምህ የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች፤ በጣቷ ሳትዳብሰው አትመልስልኝም። “ስሙን ወደ እኔ እናዙረው፣ እሱም ውክልና ይልካል” ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “እኔ ሳልሞት ልጄን ከቤቴ አታስወጪውም” አለችኝ። ከሷ ጋር ሙግት ማን ይችላል? ወገባችን ይጉበጥ እንጂ እንከፍላለን ብዬ ተውኩት።

የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ዝቅ ብሎ መጣ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ በኔ ብልሃት ነው ብዬ ባሌ ላይ ጉራዬን ነዛሁበት። እማዬን እየመጣች የምታያት የጤና ጣቢያው ነርስ ግን ወደ ማታ ብቅ ስትል የእማዬ ከንፈር ለምን እንደሚጠቁር ሊገባት አልቻለም።

ከስፌት ቤቴ ሌላ ጊዜ የምገባው መሽቶ ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ግን የደንበኛ ቀሚስ ረስቼ፣ አመሻሽ ላይ በጓሮ በር ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። መብራት የጠፋ መሰለኝ፤ የበረንዳው አምፖል ግን በርቷል። እማዬ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች ተጋድማለች፤ ማሽኑ ጠፍቷል። ለካ የጎረቤት ሬዲዮ የአሥራ ሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ታጠፋዋለች፣ የፊት በር ሲንኳኳ ታበራዋለች። ቱቦውን የማታወልቀው ድንገት ለሚገባ ሰው ማሽኑ የሚሠራ እንዲመስል ነው።

“ምን ነካሽ እማዬ?” ብዬ ጮህኩባት። ትንፋሽ እያጠራት የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፍልህ፦ “ወረቀቱ ላይ ያለው የሱ ስም ነው። በሰው አገር እየለፋ በኔ ትንፋሽ ዕዳ ይቆለልበት? ኋላ ወደ አገሩ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቢይዙትስ?” የምከፍለው እኔ ነኝ ብዬ ማልኩላት። “አንቺ ለወንድምሽ ስትይ ትዋሻለሽ” ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ስፌት ቤቱን ዘግቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ማሽኑን ሳበራው ቱቦውን ትነቅላለች፤ ቱቦውን ስመልስላት ማሽኑን ታጠፋለች። ስምህ አይነሳም ትላለች፤ ስምህ እያለ ደግሞ አልተነፍስም ትላለች። እናቴን እንደ ሕፃን እጇን ይዤ ልታገላት? ጨንቆኛል ወንድም ጋሼ። ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነውር ከሆነ ነውሩን እኔው ልሸከመው። አንተ በስልክ ብትነግራት “እሺ የኔ ጌታ” ትልሃለች፣ ስልኩ ሲዘጋ “ሊያጽናናኝ ነው” ትለኛለች። ውክልናውን ላክልኝ። ግን ጣቷ ስምህን ፈልጎ ያጣ ቀን ምን እንደምትሆን አላውቅም። በር ላይ የሚይዝህ እንደሌለ በዓይኗ ካላየች አታምንም። የመኖሪያ ወረቀትህ ጉዳይ ሳያልቅ ከዚያ መውጣት እንደማትችል አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው “ና” የምልህ።

ባሌ እጅ ነስቷል፤ ቀልዱን ትቷል። ነርሷ ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ በጣም ናፍቀሃታል፤ ነገሩን ስትሰማ ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጋ መክፈት ጀምራለች። እማዬ ግን አሁን ሰዓቱን በመስኮቱ ብርሃን ለይታዋለች።

እማዬ ራሷ ጉንጭህን ትስማለች። “የዚህም ወር ሂሳብ ዝቅ ማለቱን ጻፊለት፣ አይጨነቅ” ብላኛለች።

እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ በጋው በገባ በሁለተኛው ወር፣ ማክሰኞ አመሻሽ