እርምጃዬን ልብ ብሎ የቆጠረ ሰዓት

ለተከበሩ አቶ ክንፈሚካኤል
የጮራ ሩጫ ማሠልጠኛ ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ የልብዎም ምት የእጅዎ ሰዓት እንደሚለው ሳይሆን በእውነት የተረጋጋ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የማንኩሳዋ እስከዳር ጋሹ፣ አምና ልቧ እንደታመመ በአደባባይ ያወጁላት ሯጭ፣ እስከ ዛሬ ባለመሞቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ሁሉም ሰው እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት የምስጋናዬን ብዛት ብቻዎን እንዳይሸከሙት አስቤ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰዓቶቹ አመራረጥ አመሰግንዎታለሁ። ለልምምድ የሚሆን የልብ ምት መለኪያ ይገዛ በተባለ ጊዜ፣ ረዳት አሠልጣኛችን አቶ ስመኘው ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ እንዲመጣ ለምነውዎት ነበር። ቀበቶው ከልብ አጠገብ ሆኖ ምቱን ራሱን እንደሚያዳምጥ፣ የእጅ ሰዓት ግን ከቆዳ ሥር ያለውን ደም በብርሃን እያየ እንደሚገምት፣ ማሰሪያው ሲላላና የጠዋት ብርድ ደሙን ከቆዳ ሲያሸሸው እንደሚሳሳት በትሕትና አስረዱ። ቢያንስ አንዱን ሯጭ አስረን እንሞክረው፣ ደም ሥሯንም በጣታችን ይዘን ቆጥረን እናመሳክረው አሉ። እርስዎ ግን "ደረት ላይ ምን ሊታይ? ፎቶ ላይ የሚወጣው እጅ ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት። እውነትዎን ነው። ሰዓቶቹ የመጡ ዕለት እጃችንን አስዘርግተው ያስነሡን ፎቶ ዛሬም ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ያምራል።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ለዓመታት ተምሮ የሚደርስበትን እርስዎ በአንድ ጠዋት ስለ ደረሱበት አመሰግናለሁ። እርምጃዬ አጭርና ፈጣን ነው። ገና ለማሟሟቂያ ሶምሶማ ስንወጣ የእኔ ሰዓት በደቂቃ መቶ ዘጠና ይል ጀመር። እኔ ግን አጠገቤ ከምትሮጠው ከውቢት ጋር እያወራሁ፣ እየሳቅሁም ነበር። አቶ ስመኘው "እያወራች የምትሮጥ ልጅ ልቧ እዚህ አይደርስም፤ ሰዓቱ እርምጃዋን ይሆናል የሚቆጥረው" ቢሉዎ፣ "ካንተና ከሰዓቱ ማንን ልመን?" አሏቸው። ከዚያም በጓደኞቼ ፊት ሰዓቱን ከእጄ ፈትተው "አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ሕመምተኛ ነው፤ ሜዳዬ ላይ እንድትሞችብኝ አልፈልግም" ብለው አሰናበቱኝ። እርስዎ አንድ ጊዜ ልብ ቢሉ ኖሮ የእኔን ልብ ባላሙት ነበር።

ሦስተኛው የእናቴ የወይዘሮ አቻምየለሽ ምስጋና ነው። ወሬዎ ቀድሞኝ ማንኩሳ ስለ ገባ፣ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ውኃ እንዳልቀዳ፣ እንጨት እንዳላነሣ ከለከለችኝ፤ በተኛሁበት ደረቴ ላይ ጆሮዋን እየለጠፈች ታዳምጥ ነበር። ግሽ ዓባይ ወስዳ አስጠመቀችኝ። ጠበሉን አላማም፤ ያልታመመውን ሰው ከምን ይፈውሰው? ለጋብቻ ሽማግሌ ልከው የነበሩት ሰዎችም "እግዜር ይማራት" ብለው በዚያው ቀሩ። ልጃቸውን እወደው ነበር። ይህን ግን በተራ ቁጥር አላስገባሁትም፤ ለእርሱ የሚሆን ምስጋና የለኝም።

በመጨረሻ አጎቴ ባሕር ዳር ወስዶ ከልብ ሐኪም ዘንድ አቀረበኝ። ዶክተሩ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ በመሮጫ ማሽን ላይም አስሩጠው ሲጨርሱ፣ "ልብሽ ታሟል ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ።

"ሰዓት ነው፣ ዶክተር።"

"የማን ሰዓት?"

ስምዎን ሳልጠራ ቀረሁ፤ ያን ጊዜ ገና አከብርዎ ነበር። ዶክተሩም ለእናቴ "ልቧ የሯጭ ልብ ነው፤ ትሩጥ" አሏት። እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ልቅሶ እርስዎም እንዲያውቁት ነው የምጽፈው።

የሐኪሙን ቃል ይዤ ቢሮዎ ብመጣ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ "ቦታሽ ተይዟል" አሉኝ። ደግ አደረጉ። እርስዎን በመሞገታቸው ያባረሯቸው አቶ ስመኘው ቡሬ ገብተው ትንሽ ቡድን አቋቁመው ነበርና፣ እኔም ወደዚያው አቀናሁ። እዚያ ያለን አንድ ያረጀ የደረት ቀበቶ ነው፤ በውኃ አርሰን፣ አጥብቀን፣ በየተራ እናስረዋለን። እሳቸውም ጣቴን አንገቴ ላይ እያስያዙ "መሣሪያውን እመኚው፤ መጀመሪያ ግን መርምሪው" ይሉኛል። በዚያው ሶምሶማ፣ በዚያው እርምጃ፣ ልቤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ልብ ዝግ ብሎ ይመታል።

የቀረውን ያውቁታል፤ ላላወቁት ግን ልናገር። ባለፈው ጥር በቡሬው ውድድር ልጆችዎን ሁሉ ኋላዬ ትቼ ገባሁ። የክብር እንግዳ ነበሩና ሜዳልያውን ሊያጠልቁልኝ መጡ። እኔም "ሜዳልያው ይቆየኝና፣ ጋሼ፣ እስቲ ልቤን በጣትዎ ይቁጠሩልኝ" ብዬ እጄን ዘረጋሁልዎ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር። ጣትዎ አንዴ መዳፌ ላይ፣ አንዴ ክንዴ ላይ ተንከራተተ።

"አላገኘሁትም" አሉ።

እናቴ ከሕዝቡ መካከል "ድሮስ መች ፈልገውት ያውቃሉ?" አለች።

ሜዳው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ የሮጥኩት ለዚያች ቅጽበት ነበር። አቶ ስመኘው በኋላ ለብቻዬ ጠርተው "ቂም እግር ያከብዳል፣ ልጄ፤ ይቅር በያቸው" ብለው ገሠጹኝ። እግሬን እስካሁን አልከበደውም። ይቅር ልልዎ ግን ሞክሬያለሁ፤ ገና አልቻልኩም።

ሜዳዎ ላይ ያልሞተችብዎ፣ ውለታዎን በየውድድሩ ለመመለስ የምትተጋው፣

እስከዳር ጋሹ
ከቡሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ውቢትና ሁለት ጓደኞቿ ትናንት ሻንጣቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ገብተዋል። ሳይሰናበቱ መውጣት ነውር ስለሆነ እኔ ስለ እነርሱ እሰናበትዎታለሁ። ሰዓቶቹን አልወሰዱብዎትም፤ ጠረጴዛዎ ላይ ናቸው። አንዱን ግን ለቁርስዎ ባስቀመጡት ሙዝ ላይ አስረውት ነው የወጡት፤ ሙዙም ሰማንያ እየመታ ነበር አሉ። በእርስዎ መለኪያ ጤነኛ ነውና፣ በውቢት ቦታ ቢያሰልፉት።